አጥቢያ

ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣
የሻዬን እንፋሎት መስኮቱ ላይ ትቼ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በር ለበር ስዞር
ሰው አውቃለሁ በስሙ፣ ቤት አውቃለሁ በቁጥር።
የመንገዱን ስም ግን ቆም ብዬ ሳስተውለው፣
ደብዳቤ የማይጻፍለት ስንት ሰው ነው ያለው!

«የገብስ ማሳ ጎዳና» ይላል ሰሌዳው፤
ገብሱ የታለና? አስፋልት ነው ሜዳው።
«የጥጆች መውረጃ» ጥጃ አይወርድበትም፣
አውቶቡስ ነው እንጂ፤ እሱም በሰዓቱ አይመጣም።
«የወፍጮ ጥግ» ደግሞ ወፍጮም ጥግም የለው፣
የጥርስ ሐኪም ነው ዛሬ እዚያ የሚፈጨው።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉታል፤
ብራምልደን ላይ ግን ከመብራት ምሰሶ በታች ይውላል።

ኦባዲያ ትራንተር በፈረስ ነበር የሚያርሰው፣
ረጅም ትልም ነድቶ፣ ጫፉን እንደ ማጭድ አጥፎ የሚመልሰው።
ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ረግረጉ ድረስ
ግጦሹ የጋራ፣ ትልሙ የየራስ።
አንድ ቀን ሰዎች መጡ፣ ሰንሰለት ይዘው፣
መሬቱን ለክተው፣ ወረቀት ላይ ጽፈው።
አጥር ተተከለ፣ እሾሁ ለመለመ፤
የድሃው ጥጃ ከውጭ ቆሞ ሣር አለመ።
ከዚያ ወዲያ ኦባዲያ በአጥቢያው መዝገብ
«የቀን ሠራተኛ» ነው፣ ስምንት ልጅ የሚቀልብ።

ባቡሩ ሲመጣ ወተት ዋጋው ከበረ፤
ሌሊት የታለበው ለንደን ቁርስ ላይ ነበረ።
ቀጥሎ ጭቃው ወርቅ ነው አሉና ቆፈሩት፣
ጡብ አድርገው ጋግረው መልሰው ደረደሩት፤
መሬቱ ተነሥቶ ቆመ በራሱ ላይ፣
ሲተኛ የኖረ ማሳ፣ ቆሞ ሰማይ ሊያይ።

በሠላሳ አራት፣ ዊኒፍሬድ ፓስክ የምትባል ሙሽራ
አርባ አንድ ቁጥር ገባች፣ ከባሏ ጋራ።
ሙቅ ውሃ በቤቷ ውስጥ ሲወርድ አይታ
አለቀሰች አሉ፣ እጇን ከቧንቧው ሥር ዘርግታ።
በዚያው ክረምት ግን ምድር ቤቷ ረጠበ፤
ግንበኛ ሲሚንቶ ለሰነ፤ ውሃው ዳግም ተሰበሰበ።

(በጦርነቱ ዘመን አንድ ቦምብ ወደቀ፣
ጎመን ገደለና ታሪካችን አለቀ።)

አሁን ቤቱ የሐስሙክ ነው፣ ጥጉ ላይ ሱቅ ያለው፤
ፓምፕ አስገብቶ እንኳ ውሃውን አላሸነፈው።
አሮጌ ካርታ አምጥቼ አሳየሁት፦ ከወጥ ቤቱ ሥር
የከብት ማጠጫ ኩሬ ነበር።
ሳቀና እንዲህ አለኝ፦ «ላሞቹንም ላካቸው፣
ወተት ተወዶብኛል፤ ውሃውማ አላቸው!»

ሰዉ ክፉ አይደለም። ስለ አየሩ ያወራል፣
ገብስ ገብሱን ብቻ፤ ሌላውን ከአጥሩ ውስጥ ያስቀራል።
የፖስታ ሣጥኑ ጠግቦ ወረቀት ሲተፋ፣
ያኔ ነው የማውቀው አንድ ሰው እንደ ጠፋ።
እሑድ ደወል ሲደወል ዘጠኝ ሰው ይመጣል፤
አሥረኛው ድመት ነው፣ ማሞቂያው ሥር ይቀመጣል።
አጥቢያ ነበር ድሮ። ለእኔ አሁንም አጥቢያ ነው፦
መንደሩን የማየው ሊነጋ ሲል ነው።

ጥር ላይ ውርጭ ሲጥል፣ ፀሐይ አግድም ስትበራ፣
ከኳስ ሜዳው ሣር ይወጣል የኦባዲያ ሥራ፦
ትልም ከትልም ጎን፣ ጫፉ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣
ስንት ጫማ ረግጦት፣ ስንት ጫማ ያለፈ።
ባለፈው ቅዳሜ የሐስሙክ ልጅ ኳስ እየነዳች ስትበር፣
በረኛዋን አልፋ፣ ግቡ ባዶ ሲቀር፣
ኳሷ ትልሙ ላይ ነጥራ ወደ ውጭ ወጣች።
«የተረገመ ሜዳ!» ብላ መሬት መታች።
እኔ ከዳር ሆኜ በጓንቴ አጨበጨብኩ፤
ለማን እንደ ሆነ ለማንም አልነገርኩ።